ባዮፖርት ምንድን ነው?

ባዮፖርት ካናዳዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ክሮነንበርግ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ ባበቃው «ኤግዚስተንዝ» በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ውስጥ በምናባዊ ዓለም የሚካሄድ ጨዋታ በሚጫወቱ ሰዎች ወገብ ላይ፣ ከአከርካሪ አጥንት ግርጌ የሚበሳ ቀዳዳ ነው። የጨዋታው መሣሪያ በዚህ በኩል ከህብለ ሰረሰር ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ መነጽርም ሆነ ስክሪን አያስፈልግም፤ ኃይሉን የሚያገኘውም ከተጫዋቹ ሰውነት ነው። መሣሪያው ራሱ ከእንቁራሪት መሰል እንስሳት እንቁላል የተሠራ፣ ሲነካ የሚንፈራገጥና የሚታመም ሥጋ ሲሆን፣ የሚሰካበት ገመድም መልኩንም ስሙንም የወሰደው ከእትብት ነው።

ጁድ ሎው የሚጫወተው ቴድ ፓይክል ሰውነቱ እንዳይበሳ አጥብቆ ስለሚፈራ እስከዚያ ድረስ ባዮፖርት አላስተከለም። የጨዋታው ፈጣሪ አሌግራ ጌለር ግን ገጠር ወደሚገኝ ነዳጅ ማደያ ትወስደውና በሽጉጥ መሰል ትልቅ መብሻ ታስበሳዋለች፤ ወዲያው እግሮቹ ለጊዜው አልታዘዝ ይሉታል።

በዚያው ዓመት በወጣው «ማትሪክስ» ፊልም ተመልካቹ የትኛው ዓለም እውነተኛ እንደሆነ ቶሎ ይለያል። እዚህ ግን የሚታለለው ዓይን ሳይሆን ሰውነት ነው፤ በእኔ ግምት የፊልሙ ጥንካሬም ይኸው ነው። ፓይክል በጨዋታው ውስጥ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ገብቶ የቀረበለትን የሚያስጠላ ምግብ እየጠላው ይበላል፤ የተረፈውን አጥንት እጆቹ ራሳቸው ገጣጥመው ሽጉጥ ያደርጉታል፤ ከገዛ አፉ ባወጣው ጥርስም አስተናጋጁን ተኩሶ ይገድለዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው ጨዋታው ስለገፋፋው ይሁን ራሱ ፈልጎ፣ እሱም በቅጡ አይለየውም።

መጨረሻውን ሳልነካ ቃሉን ማብራራት ስለማልችል፣ ፊልሙን ያላየ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ተጫዋቾቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲነቁ ራሳቸው ላይ ያጠለቁት ተራ መሣሪያ እንጂ ወገባቸው ላይ የተሰካ እትብት አይታይም፤ ባዮፖርት ራሱ «ትራንሰንደንዝ» የተባለ የሌላ ጨዋታ ፈጠራ ኖሯል። ፓይክልና ጌለር የዚህኛውን ጨዋታ ፈጣሪ ገድለው ሽጉጣቸውን ሲያዞሩ፣ ቀደም ሲል አስተናጋጅ ሆኖ የተገደለው ሰው እጆቹን አንሥቶ አሁንም ጨዋታው ውስጥ መሆን አለመሆናቸውን ይጠይቃቸዋል፤ የሚመልስለት ግን የለም።