በጅማ የግንባታ ግብዓት ፍተሻ

ጅማ ላይ ልምድ ያለው ፎርማን አሸዋ ከመረከቡ በፊት ዘገን አድርጎ ይጨብጣል። ሲለቀው መዳፉ ላይ ጭቃ ከቀረ፣ ከሹፌሩ ጋር ክርክር ይጀመራል። ላቦራቶሪው ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል፦ በአገሪቱ ደረጃ መሠረት ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል።

የፍተሻ ሙያው በኢትዮጵያ ሥር የያዘው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውና በኋላ ሕንፃ ኮሌጅ የተባለው የኢትዮ-ስዊድን ተቋም ከማስተማሩ ጎን ለጎን የግንባታ ግብዓት ይመረምር ነበር። ጅማ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመሠረት የተዋሃዱት የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ናቸው፤ የሁለቱም ሙያ ከኮንክሪት የራቀ ነበር። ምህንድስናው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥር የአፈርና የኮንክሪት ፍተሻ፣ የማቴሪያል ሳይንስ ትምህርትም አለ።

በብዛት የሚሠራው የኪዩብ ፍተሻ ነው። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሞልድ በውስጡ ዘይት ይቀባል፤ ኮንክሪቱ በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። በማግስቱ ኪዩቡ ይፈታና ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ማሽን ሥር ይገባል። ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት 25 ሜጋ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) መቻል አለበት፤ በዚህ ኪዩብ ላይ ሲሰላ ከ56 ቶን በላይ ጭነት ነው። ጎኖቹ ተልጠው መሃሉ እንደ ወገብ ቀጥኖ ከቀረ ስብራቱ ጤናማ ነው። ችግሩ፣ ለፍተሻ የሚሞላው ኪዩብ ዓምዱ ላይ ከሚፈሰው ኮንክሪት ይልቅ እንክብካቤ ይበዛለታል።

የጅማ የራሱ ራስ ምታት ግን አፈሩ ነው። በከተማዋ ቀይ አፈርም ዋልካም አለ፤ ዋልካው ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ አጥርና ግድግዳ አብሮት ይከፈታል። የአፈሩን ባሕርይ ለማወቅ የናስ ጽዋ ውስጥ እርጥብ አፈር ተለስኖ መሃሉ ይቦረቦርና ጽዋው ይንኳኳል፤ ቦዩ በ25ኛው ምት የሚገጥምበት የውሃ መጠን የአፈሩ የፈሳሽነት ወሰን፣ ማለትም አፈሩ እንደ ፈሳሽ መሆን የሚጀምርበት እርጥበት፣ ይባላል።

የቡና አገር ስለሆነ ተመራማሪዎች የቡና ገለባ አመድን በስሚንቶ ምትክም፣ ለዋልካ ማጠንከሪያም ሞክረዋል። አመዱ ግን የሩዝ ገለባ አመድን ያህል ሲሊካ (ከስሚንቶ ጋር ተዋህዶ የሚያጠነክር ማዕድን) የለውም፤ የሚበዛበት ፖታሽየም ነው። በኮንክሪት ውስጥ መጠኑ ሲበዛ ጥንካሬው ይወርዳል።