ስለ ከሰለ ሬዚስተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምፕሊፋየር ተከፍቶ አንድ የጠቆረ ሬዚስተር (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) በታየ ቁጥር «ችግሩ ይኸው፤ እሱን ብቻ ቀይርልኝ» መባል የጥገና ሰው የዘወትር ዕጣ ነው። እኔም ይህን ቃል መስማት ከሰለቸኝ ቆይቷል። ሬዚስተር በራሱ ብልሽት የሚከስለው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያከስለው ሌላ ዕቃ ተበላሽቶ ከዐቅሙ በላይ ከረንት ሲያሳልፍበት ነው። ለምሳሌ የአውትፑት ትራንዚስተር (ስፒከሩን የሚነዳው ዕቃ) ሾርት ሲያደርግ፣ ማለትም ውስጡ ተገናኝቶ ከረንት ያለገደብ ሲያሳልፍ፣ ኤሚተር በሚባለው እግሩ ላይ የተያያዘው 0.22 ወይም 0.33 ኦም (የሬዚስተር ዋጋ መለኪያ) ሬዚስተር አብሮት ይቃጠላል፤ ትራንዚስተሮቹን ሳይለኩ እሱን ብቻ መተካት አዲሱንም ለዚያው እሳት መስጠት ነው።

አንድ ጊዜ የመጣልኝ አምፕሊፋየር በስፒከሩ መውጫ ላይ፣ ከ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) ጋር በተከታታይ የተያያዘው 10 ኦም ሬዚስተር ከስሎ ነበር። ከእኔ በፊት የነካው ሰው ሁለት ጊዜ፣ ያውም ዋቱን (ሙቀት የመቋቋም ዐቅሙን) እያሳደገ ቀይሮታል። ይህ ሬዚስተር የሚግለው ግን አምፕሊፋየሩ ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ሲንቀጠቀጥ (ውስጡ ያለው ከረንት በራሱ ሲወዛወዝ) ስለሆነ፣ ሬዚስተሩን ትቼ ሰርኪቱን የሚያረጋጋውን ትንሽ ካፓሲተር ፈለግሁ፤ ብየዳው ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ዋቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለውም እምነት ሁልጊዜ አይሠራም። በኃይል መስመር ላይ እንደ ፊውዝ እንዲበጠስ ታስቦ የገባን ሬዚስተር በትልቅና ተራ ሬዚስተር የተካ ሰው፣ በሚቀጥለው ብልሽት ትራንስፎርመሩ እንዲቃጠል ፈርዷል።

የሬዚስተሩን ዋጋ የሚያሳዩትን የቀለም ቀለበቶች አይተው «ቀለሙን አንብቤዋለሁ» የሚሉም አሉ። ሙቀት ቀዩን ቡናማ ስለሚያስመስለው ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ የሆነው 220 ኦም 110 ተብሎ ይነበባል፤ 110 ኦምም የሚመረት ዋጋ በመሆኑ አንባቢው አይጠራጠርም። አምፕሊፋየሩ ስቴሪዮ ከሆነ፣ በደህናው ቻናል ተመሳሳይ ቦታ ያለውን ሬዚስተር ማየት ይሻላል።

ያልጠቆረ ሬዚስተር ሁሉ ደህና አይደለም፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊበጠስ ይችላል። ሬዚስተር ተገልብጦ ቢገባም ችግር የለውም። አምፕሊፋየሩን ከሶኬት መንቀል ብቻውን ግን ከአደጋ አያድንም፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ስለሚቆዩ አስቀድሞ በሬዚስተር በኩል ማራገፍ ያስፈልጋል።

ቦርዱ ላይ እንዳለ መለካትም ብዙዎችን ያሳስታል። ጎን ለጎን የተያያዙ ሌሎች መንገዶች ንባቡን ዝቅ ስለሚያደርጉት ትንሽ ቁጥር ማግኘት ምንም አያረጋግጥም፤ ካፓሲተሮቹ ከተራገፉ በኋላ ንባቡ ከተጻፈው ዋጋ በግልጽ ከበለጠ ግን ሬዚስተሩ ተበላሽቷል። በሌላው ሁኔታ አንዱን እግር ከብየዳው አላቅቆ መለካት ይገባል፤ ከ1 ኦም በታች ለሆኑት ደግሞ የመለኪያውን ገመዶች አገናኝቶ የራሳቸውን ኦም መቀነስ አይዘንጋ።

ከተተካ በኋላ 60 ወይም 100 ዋት ባለ ክር አምፖል ከኃይል መስመሩ ጋር በተከታታይ አገናኝቶ ማብራት ያስፈልጋል። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ ደምቆ ከቀረ ግን ሾርቱ አሁንም አለና ስፒከሩ መገናኘት የለበትም።