የጥንት የጭነት መኪና የእንጨት ጋቢና አጽም ምንድን ነው? እንዴትስ እንደገና ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የሼቭሮሌት ጭነት መኪና ከውጭ ሲታይ ጋቢናው ብረት ብቻ ይመስላል። የውስጥ ሽፋኑ ሲነሳ ግን ላሜራው ልባስ እንደሆነ ይታያል። በሩን የሚያንጠለጥለው፣ የፊት መስታወቱን የሚይዘው፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ከሥር ያለው እንጨት ነው። አሠራሩ ምሰሶ ቆሞ፣ ማገር ገብቶ፣ ከላይ ቆርቆሮ ከሚመታበት ቤት ጋር ይመሳሰላል። የላሜራው ጠርዝ በእንጨቱ ላይ ይታጠፍና በትንንሽ ሚስማር ይመታል።

እንዲህ የተሠራው ለቁጠባ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሙሉ ጣሪያን በአንድ ምት የሚያወጣ ትልቅ የላሜራ መጭመቂያ ማሽንና ያን ያህል ሰፊ ላሜራ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የጣሪያው መሐል ክፍት ይተውና በቀጫጭን እንጨት፣ በጥጥና ውሃ በማያስገባ ሰው ሠራሽ ቆዳ ይሸፈን ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ወጥ የብረት ጣሪያን በ1935 ሞዴል የቤት መኪኖቹ ላይ አወጣ፤ የሼቭሮሌት ጭነት መኪና ደግሞ በ1936 ምርት መሐል ወደ ሙሉ ብረት ጋቢና ተሻገረ። በዚህ ምክንያት አንድ የ1936 ሼቭሮሌት እንጨት ይኑረው አይኑረው በዓመተ ምሕረቱ ብቻ አይታወቅም፤ ጋቢናውን ማየት ያስፈልጋል። ነገሩ ወደ ኋላ የተመለሰበት ጊዜም አለ፤ ሶቪየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲያጥራት የዚስ 5 ጭነት መኪናን ጋቢና ከጣውላ መሥራት ጀምራ ነበር።

አጽሙ ብዙ ክፍል የለውም። ከታች በሻንሲው (መኪናውን በሙሉ በሚሸከመው የብረት መሠረት) ላይ የሚያርፉ ወፍራም አግዳሚዎች አሉ። በእነሱ ላይ ከፊት የበሩ ማጠፊያ የሚታሰርበት ምሰሶ፣ ከኋላ ደግሞ የበሩ ቁልፍ የሚይዝበት ምሰሶ ይቆማል። ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኙት ከመስታወቱ በላይ ያለው አግዳሚ፣ የጎንና የጎን ጣሪያ ጠርዞች፣ እንዲሁም የኋላው አግዳሚ ናቸው። በሮቹም የራሳቸው የእንጨት አጽም አላቸው።

የሚበሰብሰው ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ ነው፦ የምሰሶዎቹ እግር፣ የታችኛው አግዳሚ፣ የበሩ ታች፣ የጣሪያው ሽፋን ከላሜራው ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታው ሥራውን ይጀምራል። በዚያ ላይ ሚስማሩ ሲዝግ በዙሪያው ያለው እንጨት ይጠቁርና ይደቅቃል፤ ሚስማሩ ይላላል፤ ላሜራው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ለመተኪያ የሚመረጠው አሽ የሚባለው እንጨት ነው። ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነው፤ ጠንካራ ሆኖ ሳይሰበር ይለመጣል፣ ሚስማርም አጥብቆ ይይዛል። ኦክ ጠንካራ ቢሆንም ውስጡ ያለው አሲድ እርጥበት ሲነካው ብረት ስለሚበላ ከላሜራ ሥር ባይገባ ይሻላል። እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሆነ ደረቅ ጣውላ ያስፈልጋል። ለምሰሶዎቹ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ለቀሪው አብዛኛው ክፍል 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጠማማ ክፍሎች ብዙ ቁራጭ ስለሚያባክኑ ከተሰላው ላይ አንድ ሦስተኛ ጨምሮ መግዛት ነው።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲፈታ ነው። አንድ ሚስማር ከመነቀሉ በፊት የሁለቱ በሮች ክፍተት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካል፤ ከዚያ በክፍተቱ ውስጥ ቱቦላሬ በጊዜያዊነት ይበየዳል። ይህ ካልተደረገ እንጨቱ ሲወጣ ላሜራው እንደ ጨርቅ ይተኛል። የታጠፈው ጠርዝ ሚስማሩን ለማውጣት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይከፈት፤ አርጅቶ የጠነከረ ላሜራ ተዘርግቶ እንደገና ሲታጠፍ በመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ጠርዙን ቀድሞ በእሳት ማለስለስ ይረዳል፤ እንጨት አጠገቡ ካለ ግን እርጥብ ጨርቅና ውሃ ይዘጋጅ።

የበሰበሰው እንጨት አይጣልም። ፍርፋሪ ቢሆንም ተለቅሞ በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ ይደረደርና ቅርጹ ይነሳል፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም ምልክት ይደረግባቸዋል። አንዱ ጎን ጠፍቶ ከሆነ የሌላው ጎን ተገልብጦ ይቀዳል። ሆኖም አሮጌው እንጨት ደርቆና ተበልቶ ከጥንቱ ስለሚያንስ በእሱ ልክ ብቻ የተቆረጠ አዲስ ምሰሶ ጋቢናውን ያጠበዋል። የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው ከላሜራው ነው።

ጠማማ ክፍል ሲቆረጥ የእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ መታየት አለበት። ጭረቱ ክፍሉን አቋርጦ ካለፈ በትንሽ ምት ይሰበራል፤ በዚህ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ማጋጠም ይሻላል። ጫፍ ለጫፍ የሚቀጠል ከሆነ ሁለቱም በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ የሰያፉ ርዝመት ቢያንስ የውፍረቱ 8 እጥፍ ይሁን። ማዕዘን ላይ ደግሞ የሁለቱም ግማሽ ውፍረት ተቆርጦ ይደራረባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። አጽሙ በሙሉ ያለ ኮላ፣ በብሎን ብቻ ይገጠማል። ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፣ ላሜራው ይለብሳል፣ በሮቹ ይንጠለጠላሉ፤ መስታወቱም በቦታው ይሞከራል። በሩ ዙሪያውን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እኩል ክፍተት ይዞ፣ ሳይታገል በቀላሉ እስኪዘጋ ድረስ ኮላ አይነካም። ከታች ጠቦ ከላይ ከሰፋ የማጠፊያው ምሰሶ አዘንብሏል፤ ምሰሶውን ከመላግ በፊት የአግዳሚው ማረፊያ በውሃ ልክ ይታይ።

በሩ ሲስማማ ሁሉም ተፈቶ ይጣበቃል። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ኮላ) ይመረጣል፤ ነጩ የአናጢ ኮላ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ቀስ እያለ ይለቃል። ሞርሳው ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ኢፖክሲው ተጨምቆ ይወጣና መጋጠሚያው ባዶ ይቀራል። የተልባ ዘይት መቀባት የሚፈልግ ሰው ከተጣበቀ በኋላ ይቀባ፤ በዘይት የራሰ እንጨት ኮላ አይዝም። ውሃ የሚመጠው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ የምሰሶዎቹ እግር በቀጭን ኢፖክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠጣ። እንጨት ውስጥ ለሚገባ ብሎን (ቪቴ) ሁልጊዜ ቀድሞ ይበሳ፤ ያለ ቀዳዳ ከተገፋ አሹ ይሰነጠቃል ወይም ብሎኑ ይቆረጣል። ጥርሱ ላይ ሳሙና ማሸት ሥራውን ያቀልላል።

ላሜራው ከመመለሱ በፊት ውስጡ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል፤ በእንጨቱና በብረቱ መሐልም ሬንጅ የነካው ጨርቅ ወይም ቀጭን ፌልት (የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ) ይገባል፤ አለዚያ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንቋቋል። የጋቢናው ማሰሪያ ብሎኖች ከጎማ ማረፊያቸው ጋር ይታሰሩ፤ ጎማው እስኪጨፈለቅ ግን አይጠበቁ። ሻንሲው ጎርባጣ መንገድ ላይ ይጣመማል፤ ጋቢናው አብሮ እንዲጣመም ከተገደደ መጀመሪያ የሚከፈተው የፊት ምሰሶውና የታችኛው አግዳሚ የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ያ ማዕዘን በባትሪ መብራት ይታይ፤ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች የጋቢናው ማሰሪያ ብሎኖች ላላ ይደረጉ።