ሙሽራን ማሰናዳት፦ ከወይባ ጢስ እስከ ሜካፕ ወንበር

በኢትዮጵያ የሙሽራ ገላ ዝግጅት ከሰርጉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ይጀመራል። ቆዳ፣ ፀጉር፣ እጅና እግር ሁሉም በየተራቸው ይያዛሉ። በሰሜኑ፣ በተለይ በወሎ፣ በጎንደርና በትግራይ፣ የዝግጅቱ እምብርት ጢስ ነው። በሐረርና በምሥራቁ ሒና ይቀድማል። አዲስ አበባ ደግሞ ከሁሉም ወስዳ ሳሎን ውስጥ አስገብታዋለች።

ስለ ጥንቱ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ያለውም ወደ አንድ ወገን ያደላል። የውጭ ተጓዦች ወንዶች ስለነበሩ ጓዳ አልገቡም። ያዩት ደጅ የሚታየውን ነው፤ ያም ፀጉር ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ አናት ላይ የሚደረገው ቅቤ ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ ወደ አንገት እንደሚወርድ በመገረም ጽፏል። ቅቤው ግን እንዲያው የተለጠፈ አልነበረም። ለጋ ቅቤ በአደስ ይታሻል፣ ሽታው ያምራል፣ ፀጉሩም አይሰባበርም። ከዚያ ሹሩባ ይሠራል። ፍልውሃም መነሳት አለበት። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ የተመሠረተችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዋና ከተማችን የገላ መታጠቢያ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወይባ ጢስ

ወይባ የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። የዕፅዋት አጥኚዎች ተርሚናሊያ ብራውኒ ይሉታል። ለጢስ የሚፈለገው እንጨቱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጓዳ ወይም ጓሮ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል። ፍም ይገባበታል፤ በላዩ የተፈለጠ ወይባ ይጨመራል። እንጨቱ መጨስ እንጂ መንደድ የለበትም። ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ነበልባል ከተነሳ ገላ ይቃጠላል፤ ፍሙ ከሞተ ደግሞ ጢሱ ዓይን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም። ሙሽሪት ልብሷን አውልቃ፣ ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች። ከአንገቷ በታች በወፍራም ጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ትሸፈናለች። ጭንቅላቷ ውጭ ይቀራል። ላብ በላብ ስትሆን ትወጣና ገላዋ ይታሻል፤ የሞተው ቆዳ እየተጠቀለለ ይነሳል። ይህ በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለለ ሲደጋገም ቆዳው ይለሰልሳል፣ ወርቃማ መልክ ይይዛል፣ የጢሱም ጠረን ለቀናት አብሯት ይቆያል። የወሎ እናቶች በዚህ ሙያ የሚወዳደራቸው የለም፤ ይህን የሚክድ ካለ ሄዶ ይሞክር።

ሱዳኖችም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ዱኻን ይሉታል፤ በብዛት የሚያጨሱት የግራር ዘር የሆነውን ጣልሕን ነው። በዚያ ልማድ ዱኻን የሙሽሮችና ያገቡ ሴቶች ነው። ከዚያ ወደ እኛ ተሻገረ የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ድንበሩ ከመሰመሩ በፊት በሁለቱም ወገን ሴቶች ስለሚሞቁ ጥያቄው ብዙ አያስኬድም።

ወይባ የወገብ ሕመም ያስለቅቃል፣ ማሕፀን ያጠነክራል ይባላል። አራሶች የሚሞቁትም ለዚህ ነው። ሙቀት የታመመ ጡንቻን እንደሚያፍታታ የታወቀ ነው፤ የማሕፀኑን ነገር ግን ሐኪም ይናገር። አንድ ነገር ክርክር የለበትም፦ በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ይገድላልም። ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል። መስኮትም ይከፈት።

እንሶስላና ሒና

እንሶስላ የደጋ ተክል ነው። ሥሩ ተወቅጦ መዳፍ፣ ጥፍርና እግር ላይ ይደረጋል፣ በጨርቅ ወይም በቅጠል ታስሮ ይታደራል፤ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይገኛል። ጎንደሮች ጉርሽጥ ይሉታል። ሙሽሪት የምትሞቅበት ምሽት ራሱን የቻለ ድግስ ነው፤ ጓደኞቿም አብረዋት ይሞቃሉ፣ ይዘፈናል።

ሒና ከቅጠል ይዘጋጃል። ቀለሙን የሚሰጠው ላውሶን የተባለው ንጥረ ነገር ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ሱማሌዎች ለፊት ደግሞ ቃሲል አላቸው፤ የቁርቁራ ዘር ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚፈጭ ዱቄት ነው። ጥቁር ሒና ተብሎ የሚሸጠው ግን ሒና አይደለም። ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የሆነው ፒፒዲ አለበት። ቆዳ ያቃጥላል፤ ሽፍታው ከቀናት በኋላ ስለሚወጣ የሰርጉ ዕለት ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ሳሎን

ዛሬ ከተማ ውስጥ ጉድጓዱ በእንጨት ሳጥን ተተክቷል። ሙሽሪት ሳጥኑ ውስጥ ትቀመጣለች፣ አንገቷ በቀዳዳው ይወጣል። ወይባ፣ ፌሻል፣ ማኒኪዩርና ፔዲኪዩር ባንድ ፓኬጅ ይሸጣሉ። ቦስተን ውስጥ በፀጉር ሥራ የሠራው ታዲዎስ በለጠ ቦሌ ላይ ቦስተን ዴይ ስፓን ከከፈተ ወዲህ ስፓ የሚለው ቃል ከተማዋን ለምዷታል።

ገበያው የሚጠብበው በወቅቱ ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ፣ ሳሎኖች ይጨናነቃሉ። የሜካፕ ባለሙያ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብትቀጠር የሚገርመው የለም።

የዘመኑ ትልቁ ጣጣ ማቅያ ክሬም ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲቆም ፊት ይቆጣል። በወር ውስጥ ለመቅላት የጀመረች ሙሽራ በዚያው ወር ፋውንዴሽን የማይሸፍነው ፊት ይዛ ልትቀርብ ትችላለች።

የቬሎው ቀን ሲያልፍ መልስ ይከተላል። በዚያ ቀን ሜካፑ ይቀላል፣ ካባ ይደረባል፣ ፀጉሩም ሹሩባ ይሆናል። ብዙ ሙሽሮች ሂዩማን ሄሩን አውልቀው ሌሊቱን ሲሠሩ ስለሚያድሩ፣ ጎበዝ ሹሩባ ሠሪ የምትያዘው ከአዳራሹ እኩል ቀድሞ ነው።