ባሕር በሌለበት ጅማ የባሕር ሳይንስ

የባሕር ሳይንስ ሲባል ብዙ ሰው መርከብ ይታየዋል። የመርከብ መሐንዲስነት ሌላ ሙያ ነው፤ ለእሱ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ማሠልጠኛ አለ። የባሕር ሳይንስ ተማሪ የሚያጠናው ውሃውን ራሱን፣ በውስጡ የሚኖረውንና ዳርቻውን ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ከሂሳብ፣ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ይነሳል። ከዚያ ሞገዱ፣ በጨረቃ ስበት ውሃው ሲወጣና ሲወርድ፣ ጨዋማነቱ ይመጣል። የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል፤ ትነቱ ብዙ ነው፣ የሚገባለት ወንዝ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ጅማ ውስጥ በዚህ ስም የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃዋ እንኳ ባሕር አይደርስም። ከተማዋን የሚያቋርጠው አዌቱ ወንዝ በቦዬ ረግረግ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይሄዳል፤ ከዚያ ኦሞ፣ ከዚያ መውጫ የሌለው ቱርካና ሐይቅ። የአጋሮ አካባቢ ዝናብ ግን ዕድለኛ ነው፦ በዴዴሳ በኩል ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ይወርዳል።

እንዲህም ሆኖ ከጅማ መጀመር ይቻላል፣ ያውም በደንብ። በ1992 ዓ.ም የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ፣ ግብርናና የአካባቢ ጤና ያስተምራል። የጨው አልባ ውሃ ጥናትና የባሕር ጥናት ደግሞ መሣሪያቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ለምሳሌ ሴኪ ዲስክን እንውሰድ። በገመድ የሚወርድ ክብ ሳህን ነው፤ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ይናገራል። ጣሊያናዊው ቄስ አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው ሜዲትራኒያን ላይ ነበር። ዛሬ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይም እንደዚያው ይሠራል።

አዌቱ ራሱ ጥሩ ላቦራቶሪ ነው። ከከተማው በላይ ድንጋይ ገልብጦ የነፍሳት እጮችን መቁጠር፣ ከከተማው በታችም ያንኑ መድገም ነው። ንጹህ ውሃ የሚፈልጉት እጮች ቆሻሻው ሲበዛ ይጠፋሉ፤ ቀዩ ትል መሰል እጭ ይቀራል። ቦዬ ሲደረስ ግን ለጉማሬ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ደግሞ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣ ደለል ያስቸግረዋል። ደለል የኮራልም (ባሕር ውስጥ ድንጋይ መሰል መኖሪያ የሚሠራ ጥቃቅን እንስሳ) ጠላት ነው፤ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ያፍነዋል።

ለሁለተኛ ዲግሪ አንዱ አማራጭ የምሥራቅ አፍሪካው ባሕር ነው። የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ተቋም ዛንዚባር ላይ ይገኛል። ከመሄድ በፊት ዋና መልመድ የግድ ነው፤ ይህን ብዙዎቻችን ችላ እንላለን። ኮራል ለማየት ግን ድንበር መሻገርም አያስፈልግም። አፋር፣ ዳናኪል ውስጥ፣ ከመቶ ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ መሬት አለ። ኮራሉ ድንጋይ ሆኖ ዛሬም እዚያው ቆሟል።