ዕውቀት ምንድን ነው? ትክክል መሆንና ማወቅ የሚለያዩበት ቦታ

በጎንደርና በዙሪያው መስከረም ላይ የበቆሎ አገዳ የሚመጥ ልጅ «ተው፣ ንዳድ ያመጣብሃል» ሲባል ኖሯል፤ ንዳድ የሚሉት ወባን ነው። ወደ ደምቢያ ወይም ወደ መተማ ለሥራ የሚወርድ ጎረምሳ ደግሞ ሌላ ምክር ይጨመርለታል፦ «ልጄ፣ የቆላ ሌሊት ክፉ ነው፤ ሜዳ ላይ እንዳታድር።» ሁለቱም ምክሮች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ትክክል ነው። ሁለተኛውን የሚመክሩት ሰዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት የረግረጉን ሽታ፣ የሌሊቱን አየር ወይም ብርዱን ነበር፤ ወባን የምታስተላልፈውን ትንኝ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል? ወይስ ግምታቸው ሰምሮላቸው ነው?

ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠቅምና እስከ የት እንደሚደርስ የሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ ሥነ ዕውቀት ይባላል፤ ኢፒስቴሞሎጂ የሚሉትም አሉ። በዘርፉ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መልስ አጭር ነው። አንድ ሰው አንድን ነገር ያውቃል የሚባለው ነገሩ እውነት ሲሆን፣ ሰውየው ሲያምንበት፣ ለማመኑም በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ አያከራክሩም፤ ያልሆነን ነገር ማወቅ አይቻልም፣ ያላመኑበትንም አወቅሁ ማለት አያስኬድም። ጭቅጭቁ ያለው «በቂ ምክንያት» ላይ ነው።

ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ይህን ጥያቄ በመምህሩ በሶቅራጥስ አፍ አንስቶታል። ወደ ላሪሳ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በትክክል የገመተ ሰው፣ መንገዱን ከሚያውቀው እኩል ተከታዩን ያደርሳል፤ ታዲያ ዕውቀት ከትክክለኛ ግምት በምን ይበልጣል? የሶቅራጥስ መልስ፣ ትክክለኛ ግምት ከሰው አእምሮ ኮብላይ ነው፣ የሚረጋው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው የሚል ነው። እኔ ካነበብኳቸው መልሶች ሁሉ ለኑሮ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ የቆላው ምክርም በደንብ ያሳየዋል።

በሽታው ከሌሊት አየር ነው ብሎ የሚያምን ሰው በርና መስኮቱን ዘግቶ ሲተኛ ከትንኝም በመጠኑ ይጠበቃል። እምነቱ ስህተት ሆኖ ሳለ ሥራው ይሰምርለታል። መተማ ሰሊጥ ማሳ ላይ ሲደርስ የሚዘጋ በር የለም። አየሩ ደረቅና ሽታ የሌለው ከሆነም ምንም አይጠረጥርም፤ ውጭ ተቀምጦ ራቱን ይበላል፣ እስኪደክመው ይጫወታል። በአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ምሽት ላይም፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ቦታው ሲቀየር ጥንቃቄውን ይቀይራል፦ አጎበሩን ዳሱ ውስጥ ይሰቅላል፣ ከመሸ እጅና እግሩን ይሸፍናል፣ ያቆረ ውሃ አጠገብ አይሰፍርም። ሁለቱ ሰዎች ጎንደር እያሉ ልዩነታቸው አይታይም ነበር።

ምክንያቱ የታወቀው ደግሞ በቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በታማሚ ደም ውስጥ አየ፤ ሮናልድ ሮስ በ1897 ህንድ ውስጥ በትንኝ ሆድ አገኘው። ከዚያ በፊት አውሮፓ ውስጥ ረግረግ የሚያደርቁ ሰዎች ክፉ ሽታውን ለማጥፋት ብለው ያደርቁ ነበር። ወባው የቀነሰላቸው ትንኟ መራቢያ ስላጣች ነው።

የበቆሎ አገዳው ነገር ከዚህም ይበልጥ ያስገርማል። አገዳ መምጠጥ ወባ አያሲዝም፤ ይህ አያጠያይቅም። ክረምቱ ሲወጣ በቆሎው ይደርሳል፣ በዚያው ሰሞን ያቆረው ውሃ ትንኝ ያፈላል፤ ሁለቱ በአንድ ወር ስለሚመጡ አንዱ የሌላው ምክንያት መሰለ። ብዙ አስተማሪ ነገሩን እዚህ ላይ ዘግቶ «አጉል እምነት» ይለዋል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ የትንኝ እጭ ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲረግፍ እጮቹ እየተመገቡት በቶሎና በብዛት ለአቅመ መብረር እንደሚደርሱ አገኙ። ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች ወባ እጅግ እንደሚበዛ አሳየ። አያቶቻችን በቆሎና ንዳድ መዛመዳቸውን አይተዋል፤ የተሰወረባቸው የሚዛመዱበት መንገድ ነው። «ምንም ዝምድና የለውም» ብሎ ያስተማረውም ሰው ግማሹን ስቷል። የመንገዱ መታወቅ ለምን እንደሚጠቅም የሚገባን «ምን እናድርግ?» ስንል ነው፦ አገዳውን ከልጁ እጅ መንጠቅ አንድም ታማሚ አያድንም፣ በቆሎውን ከቤትና ከኩሬ አርቆ መዝራት ግን ሊያድን ይችላል።

እውነት፣ እምነትና በቂ ምክንያት ሦስቱም ተሟልተው እንኳ ዕውቀት ላይሆን ይችላል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳየው አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር ነው፤ ጽሑፉ ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። የእሱን ምሳሌ ትቼ ከጤና ጣቢያ ልውሰድ። ከሁለት ሳምንት በፊት ወባ ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና አተኮሰው እንበል። ጣቱ ተወግቶ የደም ጠብታ ፈጣን መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፤ ቀይ መስመር ይወጣል። ነርሷ «ወባ አለብህ» ትለዋለች፣ እውነትም አለበት። ነገር ግን መመርመሪያው የሚይዘው ተሕዋሱን ሳይሆን ተሕዋሱ የሚለቀውን ፕሮቲን ነው፤ ይህ ፕሮቲን ሰው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። መስመሩን ያወጣው የድሮው ሕመም ቅሪት ቢሆንስ? አዲሱ ወባ ደግሞ መስመር ለማውጣት የማይበቃ ጥቂት ተሕዋስ ቢሆንስ? ነርሷ በቂ ምክንያት ነበራት፣ ያለችውም እውነት ነው፤ እውነቱና ምክንያቷ ግን አልተገናኙም። አወቀች ለማለት አፌ አይደፍርም።

እስካሁን የጻፍኩትን አብዛኛውን ነገር ራሴ አላየሁትም። ከሰው ሰምቼ፣ አንብቤ ነው። የማንኛውም ሰው ዕውቀት አብዛኛው እንዲሁ ነው፤ በምስክር የተገኘ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ራሱ ያየውን ብቻ የሚቀበል ሰው የተወለደበትን ቀን እንኳ አያውቅም። ጥያቄው ምስክሩ ማን ነው የሚለው ነው። የጎንደር የአቋቋምና የትርጓሜ ጉባኤ ቤቶች ይህን ጥንት ተረድተውታል። መምህር «ከማን ተማርክ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የተቀበለበትን መምህር፣ የመምህሩንም መምህር ይቆጥራል። በትርጓሜው ደግሞ ሊቁ አንዱን ንባብ በአንድ ፍቺ ብቻ አይዘጋውም፤ «አንድም» እያለ የተቀበላቸውን ሌሎች ፍቺዎች ያስከትላል። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ሲከፈት ለዚያው አገር ሌላ ዓይነት ምስክር መጣ። እንዲከፈት ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያን፣ ቆላ ድባን የመታው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከኮሌጁ የወጡት የጤና መኮንኖች ገጠር ገብተው የነገሩት ሰው ያመናቸው ማይክሮስኮፑን ስላየ አይመስለኝም፤ የነገሩትን ሠርቶ ልጁ ሲድንለት ስላየ ነው።

ስለ ዕውቀት ወሰን ስናነሳ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው ለወዳጅ ብቻ አይደለም፤ ለተደጋገመ ልምድም ይሠራል። ወባ የቆላ በሽታ ነው፣ ደጋ አይወጣም የሚለው በዘመናት የተፈተነ ዕውቀት ይመስል ነበር። ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት መጣ፤ ወባው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አጠቃው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። የደጋው ሰው በሽታውን ተላምዶት ስለማያውቅ አልቻለውም። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያነሳው ይኸንኑ ነው፦ እስካሁን እንዲህ ነበር ማለት፣ ነገም እንዲህ ይሆናል የሚለውን አያረጋግጥም። ልምድ የሚጸናው ልምዱን ያመጣው ሁኔታ እስከጸና ነው፤ ሁኔታውን ከፍታው ብቻ አድርጎ የቆጠረ ሰው ሙቀቱ ሲለወጥ መሬቱ ይከዳዋል።

ሌላው ወሰን መሣሪያችን ላይ ነው። ያ ቀይ መስመር የሚያወጣው ፈጣን መመርመሪያ፣ አሁን ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው ፋልሲፓረም የተባሉ የወባ ተሕዋሳት ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ ተገኝተዋል። ሰውየው በወባ እየነደደ መመርመሪያው «የለም» ይላል። ተሕዋሱ በምርመራው አምልጦ መድኃኒት ስለማያገኘው ይተርፋል፣ ይራባል። በዚህ ምክንያት አገሪቱ በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ ያልተንጠለጠሉ መመርመሪያዎችን ወደ መጠቀም ዞራለች። ከመተማ ወይም ከቋራ የተመለሰና የሚያተኩሰው ሰው በፈጣን ምርመራ «ነፃ ነህ» ቢባልም ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ ቆላ እንደነበረ ለባለሙያው ነግሮ ደሙን በማይክሮስኮፕ ማሳየት አለበት። በማይክሮስኮፕም ተሕዋሱ ጥቂት ሲሆን ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራው ይደገማል።