የቀይ ባሕር ጦርነት፦ የጣሊያን ባሕር ኃይል በምጽዋ (1932–1934 ዓ.ም.)

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ቀይ ባሕር የገባው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940) ጣሊያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀችበት ዕለት ነው። ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. እስክትያዝ ድረስ ዐሥር ወር ያህል ቆየ። ፋሺስት ከኢትዮጵያ ስለተባረረበት ዘመን ሲወራ ከረን፣ አምባላጌና የጎጃም በረሃ ቀድመው ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። ባሕሩ ግን ያለአግባብ ተረስቷል። በተራራ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር የመኪና ጎማ፣ ነዳጅና ጥይት በብዛት የሚመጣለት በመርከብ ነበር፤ የስዊዝ ቦይ ደግሞ በእንግሊዝ እጅ ነበር። ስለዚህ ጦርነቱ በታወጀ ቀን ዋናው በር ተዘጋ።

ይህን ከሁሉ አስቀድማ የምታሳየው ኡምብሪያ የተባለችው የጣሊያን የጭነት መርከብ ናት። ወደ 360 ሺህ የሚጠጉ የአውሮፕላን ቦምቦች፣ ሲሚንቶና ሦስት ፊያት አውቶሞቢሎች ጭና ስዊዝን አልፋ ወደ ምጽዋ ስትወርድ፣ እንግሊዞች ለፍተሻ ብለው ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቆሟት። ካፒቴኗ የጦርነቱን አዋጅ በሬዲዮ ሲሰማ፣ ፈታሾቹ ገና መርከቡ ላይ ሳሉ የውኃ ማስገቢያዎቹን አስከፈተ። መርከቧ ለምጽዋ የታሰበላትን ሁሉ ይዛ ሰጠመች።

በምጽዋ የነበረው ኃይል

ጣሊያን በምጽዋ የነበራት የቀይ ባሕር ጓድ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስፈራ ነበር፦ ሰባት አውዳሚ መርከቦች፣ ስምንት ባሕር ሰርጓጆች፣ ሁለት አነስተኛ የቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) መርከቦች፣ አምስት ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች (ጣሊያኖቹ «ማስ» የሚሏቸው)፣ ኤርትሬያ የተባለች የቅኝ ግዛት መርከብና መድፍ የተጠመደባቸው የሙዝ ማመላለሻ መርከቦች። ከአውዳሚዎቹ ሦስቱ፣ ሊዮኔ፣ ፓንቴራና ቲግሬ፣ ትልልቆቹ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ120 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራቸው። ናዛሪዮ ሳውሮ፣ ዳንኤሌ ማኒን፣ ቼዛሬ ባቲስቲና ፍራንቼስኮ ኑሎ አነስ ያሉና አራት አራት መድፍ የያዙ ነበሩ።

ቦታውም ለማጥቃት የተመቸ ነበር። ፈረንሳይ ከወደቀችና ሜዲትራኒያን ለንግድ መርከቦች አደገኛ ከሆነ በኋላ፣ ግብፅ ያለው የእንግሊዝ ጦር ስንቅና መሣሪያ አፍሪካን ዞሮ፣ ወይም ከሕንድና ከአውስትራሊያ ተነሥቶ፣ በባብኤልመንደብ በኩል ነበር የሚገባው። እያንዳንዱ መርከብ በምጽዋ ደጃፍ ማለፉ ግድ ነበር። ከዚህም ሌላ የአሜሪካ ሕግ ቀይ ባሕርን የጦር ቀጠና ብሎ ስለፈረጀው የአሜሪካ መርከቦች እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር።

ጉድለቱ ግን ከመጀመሪያው አብሮ ነበር። ነዳጁ በማጠራቀሚያ ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ አይመጣም። መለዋወጫ የለም። አንድ አውዳሚ መርከብ ለአንድ ሌሊት በወጣ ቁጥር የሚቀጥለው ወር ጉዞ ይቀነሳል። አዛዦቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደብ ተቀምጠው የቆዩት ከፍርሃት ይልቅ በዚህ ስሌት ይመስላል።

የማይታየው መርዝ

የሰርጓጆቹ ነገር ከሁሉ የከፋ ነው። በሰኔ ወር የምጽዋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ውኃውም ቢሆን አያቀዘቅዝም። የተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ 40 እና 50 ሰው ሞተርና ባትሪ ተደግፎ ሲኖር ያለ አየር ማቀዝቀዣ አይቻልም። በእነዚያ ሰርጓጆች ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ ነበር። ቀለም የለውም፤ ሽታውም ደካማ ስለሆነ በነዳጅና በላብ ሽታ መካከል አይለይም። ቱቦው በንዝረት ወይም በፈንጂ ተመትቶ መገጣጠሚያው ላይ ሲሰነጠቅ፣ ሰርጓጁ ደግሞ ከውኃ በታች ስለሆነ አየር መለወጥ አይችልም፤ ጋዙ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል፣ ቀጥሎ አንደበት ይተሳሰራል፣ ከዚያ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ይከተላል። የተመረዘው ሰው መመረዙን አያውቅም፤ ሠራተኞቹ ሙቀቱ ያደከማቸው ይመስላቸዋል።

ማካሌ የተባለችው ሰርጓጅ (ስሟ ከመቀሌ የተወሰደ ነው) በዚህ መንገድ ጠፋች። ሰኔ 8 ቀን መንገድ የሚቀይሱት መኮንኖች ራሳቸው እየተደናበሩ ሳለ፣ ከፖርት ሱዳን ወደ ደቡብ ባለች ባር ሙሳ ከቢር በምትባል ትንሽ ደሴት የኮራል ድንጋይ ላይ ወጣች፤ ኋላም ተንሸራታ ሰጠመች። ከሠራተኞቹ ጥቂቶቹ በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ወደ ኤርትራ ጠረፍ ሄደው ርዳታ ጠሩ። ጉልዬልሞቲ የተባለችው ሰርጓጅ ሰኔ 15 ቀን ደርሳ ደሴቲቱ ላይ የቀሩትን አነሣች። መርዙ አርኪሜዴ በተባለችው ሰርጓጅም ሰው ገደለ። ፔርላ የተባለችውም በዚያው መርዝ ተዳክማ ከባሕር ዳር ተተክላ በኋላ ብትተርፍም ለወራት ከሥራ ውጭ ሆነች።

በእንግሊዝ እጅ የጠፉት ሦስቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው የተያያዘ ታሪክ አላቸው። ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ሰኔ 9 ቀን ጄምስ ስቶቭ የተባለውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ ኤደን አጠገብ አሰጠመች። ሰኔ 12 ቀን ሙንስቶን የተባለች፣ ለጦር የተዘጋጀች የዓሣ አጥማጅ መርከብ አገኘቻትና የጥልቅ ውኃ ቦምብ ጣለችባት። ሰርጓጇ ባላጋራዋ ትንሽ መሆኗን አይታ በመድፍ ልትገጥማት ወደ ላይ ወጣች። ሙንስቶን ግን አነጣጥራ ማማዋን መታች፤ አዛዡና መኮንኖቹ እዚያው ተገደሉ። የተረፉት ሠራተኞች ሰነዶቹን ለማጥፋት ጊዜ አላገኙም፤ ሰርጓጇ ሳትሰጥም ተማርካ ወደ ኤደን ተጎተተች። እንግሊዞች ከውስጧ ሌሎቹ ሰርጓጆች የት እንደሚጠብቁ የሚናገር የትእዛዝ ወረቀት አገኙ። ቶሪቼሊ ሰኔ 16 ቀን ፔሪም ደሴት አጠገብ በሦስት አውዳሚዎችና በአጃቢ መርከቦች ተከባ፣ በአንድ ባለ100 ሚሊ ሜትር መድፍ እየተዋጋች ሰጠመች። ጋልቫኒ ፓታን የተባለችውን የሕንድ የጦር መርከብ ባሰጠመች ማግስት፣ ሰኔ 17 ቀን፣ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ተመታች። ጦርነቱ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ አራቱ አልቀው ነበር።

የቶሪቼሊ ውጊያ ለእንግሊዞችም በነጻ አላለፈም። ካርቱም ከተባለው አውዳሚ ላይ የአንድ ቶርፔዶ የታመቀ አየር ጋን ፈንድቶ እሳት አስነሣ፤ እሳቱ የጥይት ማከማቻው ደርሶ መርከቡን ከጥቅም ውጭ አደረገው። ጣሊያኖች የቶሪቼሊ ጥይት ነው ይላሉ፣ እንግሊዞች የቶርፔዶው ብልሽት ነው ይላሉ።

ቅፍለቶቹ

እንግሊዞች የንግድ መርከቦችን በአንድ ላይ እያጀቡ ማሳለፍ ጀመሩ። ወደ ሰሜን የሚወጣው ቅፍለት በቢ ኤን፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው በቢ ኤስ ፊደልና በተራ ቁጥር ይጠራ ነበር። የቅፍለት ፍጥነት የዝግተኛው መርከብ ፍጥነት ስለሆነ፣ ከኤደን ስዊዝ ለመድረስ ስድስት ቀን ገደማ ይፈጃል። አስጊው ክፍል ከባብኤልመንደብ እስከ ምጽዋ ኬክሮስ ያለው ነው፤ እዚያ ላይ አጃቢዎቹ ይጠናከራሉ፣ ከኤደን የሚነሡ አውሮፕላኖችም ቀን ቀን ከላይ ይጠብቃሉ። ጣሊያኖች የቀራቸው ሌሊት ብቻ ነበር።

የሌሊት ጥቃት አሠራሩ ይህን ይመስላል። አውዳሚዎቹ ሲመሽ ከምጽዋ ወጥተው በዳህላክ ደሴቶች መካከል ያልፋሉ፤ ሁለት ሁለት ይሆኑና አንደኛው ጥንድ የአጃቢዎቹን ዐይን ሲስብ ሌላኛው ወደ ጭነት መርከቦቹ ተጠግቶ ቶርፔዶ ይለቃል። ሳይነጋ መመለስ አለባቸው፤ ከነጋ አውሮፕላን ይደርስባቸዋል። ራዳር ስለሌላቸው በጨለማ ቅፍለቱን የሚያገኙት ቀን አውሮፕላን ባየው ግምት ነው፤ ግምቱ በጥቂት ማይል ከተሳሳተ ሌሊቱ በከንቱ ያልቃል።

ከሁሉ የሚጠቀሰው ጥቅምት 10 ለ11 ሌሊት 1933 ዓ.ም. በቢ ኤን 7 ቅፍለት ላይ የተደረገው ነው። 32 የንግድ መርከቦች ነበሩ፤ የኒው ዚላንድ ሠራተኞች የያዙት ሊያንደር የተባለው ክሩዘር (ከአውዳሚ የሚበልጥ የጦር መርከብ)፣ ኪምበርሊ የተባለው አውዳሚና ሌሎች አጅበዋቸዋል። ፓንቴራና ሊዮኔ ተጠግተው ቶርፔዶ ለቀቁ፤ አንዱም አልመታም። ሳውሮና ኑሎም ሞከሩ። ኑሎ በውጊያው መካከል መሪው ተቆለፈና በቦታው ዞረ፤ ጓደኛውን አጣ። ሲነጋ ኪምበርሊ ሐርሚል ደሴት አጠገብ ደረሰበትና አውድሞ ዳር ላይ አስተከለው። አዛዡ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ ከመርከቡ አልወርድም ብሎ ቀረ፤ ቪንቼንሶ ቻራቮሎ የተባለው መርከበኛም አብሮት ሞተ። በሐርሚል የነበረው የጣሊያን የጠረፍ መድፍ ኪምበርሊን መትቶ ስላቆመው ሊያንደር ወደ ፖርት ሱዳን ጎትቶ ወሰደው።

ሰርጓጆቹ በዐሥሩ ወር ውስጥ ያሰጠሟቸው የንግድ መርከቦች ሁለት ነዳጅ ጫኞች ናቸው፦ ጄምስ ስቶቭና፣ ጉልዬልሞቲ ጳጉሜን 1 ቀን 1932 ዓ.ም. የመታችው አትላስ የተባለው የግሪክ መርከብ። ለዚያ ሁሉ ኃይል ይህ እጅግ ጥቂት ነው።

የመጨረሻው መውጣት

በ1933 የካቲት ከረን ላይ ውጊያው ሲከር፣ ሩቅ መሄድ የሚችሉት እንዲያመልጡ ተወሰነ። ኤርትሬያና ከሙዝ ማመላለሻዎቹ አንዱ፣ ራምብ ሁለት፣ ጃፓን ደረሱ፤ ሌላውን የሙዝ ማመላለሻ፣ ራምብ አንድን፣ ሊያንደር የካቲት 20 ቀን ማልዲቭስ አጠገብ አሰጠመው። የቀሩት አራት ሰርጓጆች ከየካቲት 22 ጀምረው ወጥተው የተስፋን ርእሰ ምድር ዞሩ፤ ከጀርመን መርከቦች ባሕር ላይ ነዳጅ እየተቀበሉ፣ ከ60 ቀን በላይ ተጉዘው ፈረንሳይ ቦርዶ ገቡ። ትንሿ ፔርላ ነዳጅ የተቀበለችው ከማዳጋስካር በስተደቡብ ነው። ይህ በጣሊያኖች በኩል ያለጥርጥር የሚደነቅ የባሕረኝነት ሥራ ነው።

አውዳሚዎቹ ግን ያን ያህል ነዳጅ የሚይዝ ሆድ የላቸውም። ከረን መጋቢት 18 ቀን ሲወድቅ የቀራቸው መሞቻ መምረጥ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ሦስቱ ትልልቆች ስዊዝን ሊመቱ ወጡ፤ ሊዮኔ በካርታ ላይ ያልተመለከተ ድንጋይ መትቶ ተቃጠለ፣ የራሱ ጓዶችም አሰጠሙት። መጋቢት 24 ቀን አምስቱ ፖርት ሱዳንን ሊመቱ ተነሡ። ባቲስቲ ሞተሩ ተበላሽቶ በዐረብ ጠረፍ በገዛ ሠራተኞቹ እጅ ሰጠመ። መጋቢት 25 ማለዳ፣ ከኢግል የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወርደው ፖርት ሱዳን የሰፈሩ ሶርድፊሽ የተባሉ ባለሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ሳውሮንና ማኒንን አሰጠሙ። ፓንቴራና ቲግሬ ጅዳ በስተደቡብ ሄደው ሠራተኞቻቸውን አውርደው በገዛ እጃቸው ሰጠሙ። ምጽዋ በተያዘችበት ዕለት፣ መጋቢት 30፣ ማስ 213 የተባለችው ጀልባ ኬፕታውን የተባለውን የእንግሊዝ ክሩዘር በቶርፔዶ መታች፤ ክሩዘሩ ተጎዳ እንጂ አልሰጠመም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 3፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦር ቀጠና አይደለም ብለው አወጁ፤ የአሜሪካ መርከቦች ጭነታቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ስዊዝ መግባት ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሚያዝያ 27 ቀን ሲሰቀል ጣሊያኖች በቀይ ባሕር የቀራቸው ወደብ አሰብ ብቻ ነበር፤ እሱም ሰኔ 4 ቀን ከኤደን በመጣ ጦር ተያዘ።

የሰመጠውን ማንሣት

በምጽዋ የጣሊያን ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው አድሚራል ቦኔቲ ምጽዋን ከማስረከቡ በፊት ወደቡን አጥፍቶ ነበር። የጭነት መርከቦች በወደቡ አፍ ተደርድረው፣ ጎናቸው በፈንጂ ተቀዶ ተቀመጡ፤ ተንሳፋፊ ዶኮቹም ሰመጡ፤ በመሥሪያ ቤቶቹ ያሉ ማሽኖች በመዶሻ ተሰባበሩ። ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በ1934 ዓ.ም. ጸደይ ላይ የመጣው ይህን ሊያነሣ ነው።

ተንሳፋፊ ዶክ ማለት ወለሉ ባዶ ሣጥን የሆነ፣ ሁለት ረጃጅም ግድግዳ ያለው ትልቅ ገበታ ነው። ሣጥኖቹ ውኃ ሲሞሉ ይሰምጣል፣ መርከብ ይገባበታል፤ ውኃው ሲወጣ መርከቡን ተሸክሞ ይነሣል። ጣሊያኖች በትልቁ ዶክ ወለል ስምንት ክፍሎች ውስጥ ቦምብ አስቀመጡ፤ ሰባቱ ፈነዱ። ያዩት ሰዎች አይነሣም ብለው ነበር። ኤልስበርግ የተመለከተው ግን ቦምቦቹ የቀደዱት ታችኛውን እንጂ የላይኛውን ወለል አለመሆኑን ነው። ብርጭቆ ደፍተው ውኃ ውስጥ ቢጫኑት አየሩ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ከላይ የተደፈነ ክፍል ውስጥ የታመቀ አየር ቢነፋ ውኃው በታች ባለው ቀዳዳ ይወጣል፤ ቀዳዳውን መድፈን አያስፈልግም። ጠላቂዎች የላይኛውን ክፍተት ሁሉ እየፈለጉ ዘጉ፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ገና ያልተደፈነ ማለት ነው። ከዚያ ከየቦታው የተለቃቀሙ የአየር መጭመቂያዎች ሌት ተቀን ነፉ። አደጋው ያለው አንዱ ጫፍ ቀድሞ ሲነሣ ነው፦ ዶኩ ሲያዘነብል አየሩ በከፍታው በኩል ባለው ቀዳዳ ያመልጣል፣ ውኃ ይመለሳል፣ ዝንባሌውም ይብሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ክፍል ቧንቧ እየከፈቱና እየዘጉ ሚዛኑን መጠበቅ ነበረባቸው። ዶኩ በዘጠኝ ቀን ተነሣ።

በዚያው ክረምት የጀርመን ጦር ወደ እስክንድርያ ሲጠጋ ምጽዋ ዋና መጠጊያ ሆነች። ከኢራን የተጎተተ አንድ አነስተኛ ዶክ መርከብ ከመርከብ እያከታተለ ያስገባ ነበር። በሙቅ ውኃ የመርከብ ሆድ ላይ የሚበቅለው ዛጎልና አረም ፍጥነት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይበላል፤ ያንን የሚፍቁት በአብዛኛው ኤርትራውያን ሠራተኞች ነበሩ፣ ፀሐይ ያጋለውን ብረት ተጠግተው። ዩሪያለስ፣ ክሊዮፓትራና ዳይዶ የተባሉት ሦስት የእንግሊዝ ክሩዘሮች ለዶኩ ከመጠን በላይ ይከብዱ ነበር። የተገኘው መላ የኋላቸውን ብቻ ማንሣት ሆነ፦ አፍንጫቸው ከዶኩ ወጥቶ ባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ ሳለ፣ የኋላ አካላቸው ከውኃ ወጥቶ ተጠገነ። ሦስቱም በዚህ መንገድ ተራ በተራ ተጠግነው ወደ ሜዲትራኒያን ተመለሱ።